ቁልፍ ጠይቀን ሥልጠና ሰጡን

ዓረብ አገር ተቀጥሬ ከምሠራበት ከማዳሜ ቤት ከወጣሁ በኋላ ዓይን ኤል ረማነህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አንዲት የእርዳታ ድርጅት አጥኚ የቤት ሠራተኞችን ችግር ለማወቅና መፍትሔ ለመቀየስ ስትመጣ አስተርጓሚዋ ሆንኩ።

አንድ እሁድ፣ ባዕብዳ የሚባል ሰፈር ተቀጥራ የምትሠራ እህታችንን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አነጋገርናት። ማዳሟ በወጣች ቁጥር በሩን ከውጭ ትቆልፍባታለች። ወጥ ቤቱ በእሳት የተያያዘ ጊዜ በረንዳ ላይ ሆና ስትጮህ ጎረቤት ነው በሩን ሰብሮ ያወጣት።

«ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ቁልፍ ብቻ ይስጡኝ» አለች እያለቀሰች። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ከወራት በኋላ የጥናቱን ውጤት ሊነግሩን ጠሩን። የድርጅቱ ኃላፊ ፈገግ ብላ፣ «ድምፃችሁን ሰምተን ሥልጠና አዘጋጅተናል» አለች። ሥልጠናው በረጅሙ እየተነፈሱ ጭንቀትን ስለማቅለል ነበር። ደሜ ፈላ።

«ያኒ፣ ማለት፣ እዚያ ጭስ ውስጥ ሆና ነው በረጅሙ የምትተነፍሰው?» አልኳት።

«ማ ሼሪ፣ የኔ ውድ፣ ተረጋጊ» አለች ኃላፊዋ። «ቁልፉ የአሠሪዎች ጉዳይ ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን አስለፈለፋችሁን? ሂዱና እነሱን ጠይቋቸዋ!»

አጥኚዋ፣ «እውነቷን ነው» ብላ ከጎኔ ቆመች። ሥልጠናው ቀረና ማዳሞቹን ቤት ለቤት እየዞርን ማነጋገር ጀመርን። አንዳንዶቹ ለሠራተኞቻቸው ቁልፍ ሰጡ። የባዕብዳዋ ማዳም ግን፣ «ብትጠፋብኝስ?» ብላ በሩን ፊታችን ላይ ዘጋችው። እህታችን ከኋላዋ ቆማ ታየን ነበር። ያን ቀን ደረጃውን እየተሳደብኩ ወረድኩ፤ ንዴቴም እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።