ቄስ ሀብተሥላሴ የለወጧት ሰንጢ

ቄስ ሀብተሥላሴ በክፉ የሚታሙ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የምለው ሁሉ ከጥላቻ የመጣ እንዳይመስልብኝ ነው። እዚህ ጎንደር፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው ደብር ይቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ዳዊት ይጽፋሉ። ጽሕፈታቸው ከማማሩ የተነሣ ከድብ ባሕር ድረስ ሰው እየመጣ ያስጽፋቸው ነበር። ይህ ሥራ ደግሞ የሚጀምረው ከሰንጢ ነው። መቃውን በስሱ ቀርጾ፣ ጫፉን ሰንጥቆ ብርዕ የሚያደርገው ሰንጢ ነው። ፊደል ሲሳሳትም ብራናውን ሳይበሳ ቀለሙን ብቻ ፍቆ የሚያነሣው እሱው ነው።

የእሳቸው ሰንጢ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም፣ ደርግ መጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ለመታሰቢያ ብሎ የሰጣቸው ነው። ቀይ እጀታ ያለው፣ ሆዱ ውስጥ መቀስ፣ መጋዝ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ የቡሽ መንቀያ ሳይቀር የታጨቀበት። የቡሽ መንቀያ ለቄስ ምን ይረባዋል? ጠላ በቡሽ አይደፈን! ሰው እየተቀባበለ ያደንቀዋል፤ ለእሳቸው ግን አልተመቻቸውም። ወፍራም ነው፣ መዳፍ ይሞላል፣ ስለቱም ለመፋቅ ደንደን ያለ ነው። «ጓዝ የተሸከመ ሰንጢ ይዤ አንድ ብርዕ መቅረጽ አቃተኝ» እያሉ ያማርሩ ነበር።

ውቢት ጎረቤቴም የሥራ ባልደረባዬም ናት። ሆስፒታሉ ልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የተቀደደ አንሶላ ስንጥፍ ኖረናል። ቄስ ሀብተሥላሴ የነፍስ አባቷ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ውቢት ሲላት እሳቸው በክርስትና ስሟ ወለተሩፋኤል ይሏታል። ባሏ በአዲ አርቃይ በኩል አሥመራ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመሞቱ በፊት ለአንድ ልጃቸው ለካሣዬ ከአሥመራ ሰንጢ አመጣለት፦ ጣሊያን ሠራሽ፣ አንድ ስለት ብቻ ያላት፣ እጀታዋ የቀንድ፣ ስትታጠፍ ከጣት የማትበልጥ። ካሣዬ እርሳሱን ቀርጾባት ሲያበቃ፣ ሲያጠና እጀታዋን የመንከስ አመል ነበረው። ቀንዱ ላይ የጥርሶቹ ምልክት ተደርድሮ ይታይ ነበር።

ካሣዬን በቀይ ሽብር ገደሉት። እናቱ ሬሳውን አላገኘችም፤ ማልቀስ ክልክል ነበርና ድንኳን አልተተከለም፣ ፍትሐትም አልተደረገም። እኛ ጎረቤቶቿም እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ» ብለናት እናልፍ ነበር። ሰንጢዋ ከደብተሩ መሐል ተገኘች። ውቢት በእሷ ክር ትተረትራለች፤ እጇ ሲያርፍ ደግሞ አውራ ጣቷን በጥርሶቹ ምልክት ላይ ታመላልሳለች። እኔ አያለሁ፤ አንድ ነገር አልልም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ወር በገባ ቁጥር ቄስ ሀብተሥላሴ ጠበል ሊረጩ ወደ ቤቷ ይመጣሉ። አንድ ቀን እኔም እዚያው ሳለሁ መጡ። ውቢት አሮጌ ቀሚስ ትተረትር ነበር፤ ሰንጢዋን ጉልበቷ ላይ ጥላ ተነሣችና መስቀል ተሳለመች። ሰንጢዋ ወደቀች፤ እሳቸው አነሷት።

«ወይ ግሩም! ሸጋ ሰንጢ ናት፣ ወለተሩፋኤል» አሉ ስለቷን በጥፍራቸው እየሞከሩ።

«አሮጌ ናት፣ አባቴ።»

«ለብርዕ የተሠራች ናት እንጂ! የእኔን ታውቂው የለ? መቀስ አለው፤ ስፌት ለምትሠራ ከዚያ የሚሻል የለም። እንለዋወጥ፤ አትራፊዋ አንቺ ነሽ።»

ለነፍስ አባት እንቢ አይባልም። ያመሰገኑትን ዕቃ «ይውሰዱት» ማለት ነው ወጉ። ቄሱም ወጉን ስለሚያውቁ በባዶ እጅ ላለመውሰድ ብለው፣ ከተማው የሚቀናበትን የራሳቸውን ሰንጢ ሰጡ። በልባቸው ደግ ነገር መሥራታቸው ነበር። የጎደለችው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «የማን ናት?» አላሉም። በዚያ ዘመን ልጅ የጠፋበት ቤት ገብቶ «ይህ የማን ነው?» የሚል ሰው አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም ይፈራዋል። እሳቸውም ካሣዬን በእጃቸው ያጠመቁ ቄስ ሆነው፣ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ስሙን አንስተው አያውቁም።

«እሺ፣ አባቴ» አለች ውቢት። ቀዩን ሰንጢ በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ ስትከፍተው አላየሁም።

ቄሱ ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። ቤት እንደደረሱ እጀታው ሻካራ ሆኖ መዳፋቸውን ቢቆረቁራቸው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅ ፋቅ አድርገው፣ በሰም አሽተው መስተዋት አስመሰሉት። ሚስታቸው ወርቅውሃ ናት የነገረችኝ፤ «እንደ ሕፃን አቅፏት ሊተኛ ምንም አልቀረው» ብላ ስቃባቸዋለች። ዐቢይ ጾም እስኪገባ በዚያች ሰንጢ ጻፉ።

በጾሙ ውቢት ንስሐ ልትገባ ሄደች። ቄስ የንስሐ ነገር አያወጣም፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

«አባቴ፣ ሰው ጠልቻለሁ» ትላቸዋለች።

እሳቸው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይቅር በይ፣ ልጄ። ያለ ይቅርታ ጾሙ ምን ይረባል?» ይላሉ።

«ሞክሬ ነበር፤ ልቤ እንቢ አለኝ። ገና ድምፁን ስሰማ ሰውነቴ ይቆጣል።»

«ማነው እሱ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የሰንጢዋን ባለቤት፣ የጥርሱን ምልክት፣ «እሺ» ያለችበትንም ምክንያት። ቄሱ የሚሰጧት ቀኖና ጠፍቷቸው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» እንኳ ሳይሏት ተነሥተው ሄዱ። እሷም በልቧ «ምነው ባልተናገርኩ» ብላ ነበር።

ውቢት ቤት ደርሳ ለእኔ አውርታ ሳትጨርስ፣ ቄሱ እያለከለኩ ደረሱ። ሻሻቸው ተፈቷል፤ ላብ በላብ ሆነዋል። ሰንጢዋን አውጥተው እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው ሰጧት። ያን ጊዜ አሳዘኑኝ፤ አልዋሽም።

ውቢት ተቀብላ አውራ ጣቷን በእጀታው ላይ አስኬደች። መለሰችና እንደገና አስኬደች። ገለበጠችና በዚያኛው ወገን ፈለገች።

«አባቴ፣ ጥርሶቹስ?»

«ምን... ሻክሮብኝ... ፋቅሁት» አሉ። «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወለተሩፋኤል። አላወቅሁም።»

«አልጠየቁማ!» አልኩ እኔ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ብችልም አልመልሰውም ነበር።

ውቢት አልጮኸችም። ሰንጢዋን አጥፋ መልሳ እጃቸው ላይ አኖረቻት። «እንግዲህ የእርስዎ ናት፣ ይጻፉባት። እኔ አንድ ነገር ልለምንዎ። የሙታን ስም ሲጠራ የልጄንም ይጥሩልኝ። አልቅሼለት አላውቅም፤ ስሙን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆየሁ። አንድ ቀን ልስማው።»

«እጠራዋለሁ» አሉ። «በእሑዱ ቅዳሴ እጠራዋለሁ።»

እሑድ ማልደን ሄድን። ውቢት ነጠላዋን አጥባ፣ በሴቶች በኩል ከፊት ቆመች። በወንዶቹ በኩል ደግሞ ዳኛው የሚባለው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሊጸልይ ይምጣ ሊያዳምጥ ማን ያውቃል፤ ዘወትር ይመጣ ነበር። ደግሞስ ቢያዳምጥ ምን ያገኛል? የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። የካሣዬ ተክለ ጊዮርጊስ ነበር፤ በጎንደር ስንት ተክለ ጊዮርጊስ አለ!

ስም ሲጠራ ደረሰ። የቄስ ሀብተሥላሴ ድምፅ ደብሩን የሚሞላ ነው። «ወልደ ዮሐንስ» አሉ፤ ሰማነው። «ወለተ ማርያም» አሉ፤ ሰማነው። «ሀብተ ማርያም» አሉ። ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከዳኛው ጋር ገጠመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከአጠገባቸው ከቆመው ዲያቆን በቀር ማንም ምንም አልሰማም። ቀጥሎ ያለውን ስም እንደገና ጮክ ብለው ጠሩ። ውቢት ክንዴን ያዘችኝ። እስከ መጨረሻው ስም ድረስ አንገቷን አስግጋ ጠበቀች።

ሕዝቡ ሲበተን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘቻቸው።

«ረሱት፣ አባቴ?»

«ጠርቼዋለሁ፣ ልጄ። በማርያም፣ ጠርቼዋለሁ።»

«እግዜርስ ሰምቶት ይሆናል» አለች። «እኔ አልሰማሁም።»

ከዚያ እንደ ወጉ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። ቄስ ሀብተሥላሴ መስቀል የያዘ እጃቸውን ከካባቸው ውስጥ ማውጣት አቃታቸው። እሷም እንዳጎነበሰች ጠበቀች።