በበረት የተሰቀለው አምፖል

ውኃ የነካው የስፌት ሣር፣ የአክርማ ሽታ ዛሬም ወደ አባቴ በረት ይመልሰኛል። ሌላው ሰው እርጥብ ሣር ሲሸተው ሜዳ ያስብ ይሆናል፤ እኔ ግን የላም ትንፋሽ፣ የእበት ሙቀትና ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል ነው የሚታየኝ። ልጄ፣ አንተ ማብሪያውን ተጭነህ የምታልፈው መብራት ያኔ ምን እንደነበር ልንገርህ።

ታላቅ እህቴ ትዳሯ ፈርሶ የተመለሰችው መብራት ወደ መንደራችን በገባበት ዓመት ነበር። አባቴ በዕድሜ ለገፋ፣ ሚስቱ ለሞተችበት የሐሙሲት ገበሬ ሊድራት አሰበ። እሷ እንቢ አላለችም።

"አባየ፣ እስከ ፋሲካ ይታገሱኝ። ራሴን ከቻልሁ ይተዉኛል፤ ካልቻልሁ ያሉትን እሆናለሁ" አለችው። እሱም ቃል ሰጣት።

በእጇ የነበረው ከእናታችን የተማረችው ስፌት ብቻ ነው። ወረታ መንገድ ዳር በመብራት የሚሠሩ የሩዝ መፈልፈያዎች ተከፍተው ስለነበር ሩዝ የሚያበጥሩት ሴቶች ጠንካራ ሰፌድ ይፈልጉ ነበር። ቀኑን ግን ከእኛ ጋር እርሻ ላይ ትውላለች፤ ለስፌት የሚተርፋት ምሽቱ ነው፣ እሱም በኩራዝ። በኩራዝ ቀዩና ሐምራዊው አክርማ አንድ ይመስላሉ። "ወንድምዓለም፣ ቀዩ የትኛው ነው?" ትለኛለች፤ እኔም እገምታለሁ። ጧት ሐምራዊ ሆኖ ሲገኝ ትፈታዋለች። ገዥ በዚያ እንዲያውቃት የሰፌዷ ዳር ቀይ እንዲሆን ትፈልግ ነበር።

መብራቱ ሲገባ አባቴ ያለንን አንድ አምፖል በረት ውስጥ ሰቀለው። "እኛን ማን ይሰርቀናል?" አለ። በፎገራ ሜዳ ላም ምን እንደሆነች ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እብደት አይደለም፤ ጎረቤቶቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እህቴ አልተከራከረችም። በርጩማዋንና አክርማዋን የምትነክርበትን ጣሳ ይዛ ላሞቹ መካከል ገባች።

"ላሞቹ ሰፌድ አዘዙሽ?" ይሏታል የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ አሻግረው እያዩ።

"አዘዙኝ። ከእናንተ እነሱ ይሻላሉ፤ በዋጋ አይከራከሩም።"

ጅራት ፊቷን ይገርፋታል። አንዲት ጥጃ ለነገ ያዘጋጀችውን የስንደዶ ሣር በላችባት። ወስፌዋ ግን አላረፈም። ትምህርት ቤት ያልገባሁት እኔም ፊደል የለየሁት ከጎኗ ተቀምጬ ያንኑ ብርሃን ተጋርቼ ነው።

ጾሙ ሲጋመስ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ የአንዱ ባለቤት፣ የወረታ ነጋዴ ሴት፣ ራሷ መጣች። "ባለ ቀይ ዳሯ የት አለች? ሴቶቼ በሌላ ሰፌድ አናበጥርም አሉኝ" ብላ ያለውን ሁሉ ወስዳ ሌላ አዘዘች። አባቴ ደጅ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር የሐሙሲቱ ሰው ሽማግሌዎች ላከ። አባቴ አክብሮ አስቀመጣቸው፣ እስኪጨርሱም አዳመጣቸው።

"ልጄን ከሥራዋ አላስነሣትም። ቃል አለብኝ" አላቸው።

"በረት ውስጥ ምን ሥራ አላት?"

"ራሷን ችላበታለች።"

በማግስቱ አምፖሉን ራሱ ፈትቶ ቤት ውስጥ ከእህቴ በርጩማ በላይ ሰቀለው። "ላሞቹስ?" ስለው፣ "አንተ ትጠብቃቸዋለህ" አለኝ። ጠበቅኋቸውም።

የመብራቱ መስመር የደረሰው ከሁላችንም ደጅ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ያተረፍነው ላም መጠበቅና አምሽቶ ማውራት ብቻ ነበር። ይህን ሳትረሳ እደግ።

ዛሬ እህቴ ወረታ፣ ከደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ሱቅ አላት። ያስተማረቻቸው ሴቶች ከእሷ ጋር ይሰፋሉ። ባለፈው ስሄድ ቤቱ በመብራት እንደ ቀን ፈክቶ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ለማንም አልነገረችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙ፣ "ወንድምዓለም፣ ቀዩ የትኛው ነው?" አለችኝ።

ቀዩን አክርማ አነሣሁና በጣቶቿ መካከል አደረግሁላት። በዚህ ጊዜ ግን አልገመትሁም።