ትንፋሼን ይዤ ያለፈኝ ሰላምታ

በጣና ዙሪያ ትንፋሹን እንደ እኔ የሚይዝ ሰው የለም። ለጉራ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ደረቴን ራጅ ሲያነሱኝ ታይቷል። ባለሙያው «አባባ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ» አለኝ፤ ያዝሁ። ሥራውን ጨርሶ፣ ወረቀቱን ጽፎ ዞር ሲል አሁንም ይዣለሁ። «ኧረ ይተንፍሱ!» ብሎ ጮኸ። ደረቴ ውስጥ የታፈነው አየር ግን በወጣትነቴ ወደ ሠራሁባት የጣና ደሴት መልሶኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል እንኳ ሳልጨርስ፣ ባለ ዲግሪዎቹ በወር የሚማሩትን በሦስት ቀን ለብቻዬ የተማርሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ አየር መሰብሰብ ነበር። የከተማ ጭስ የማይደርስባት ደሴት እየተሻገርሁ፣ በየሳምንቱ በመስታወት ጠርሙስ አየር እሞላለሁ፤ ጠርሙሱ ባሕር ማዶ ተልኮ በውስጡ ያሉት ጋዞች ይለካሉ። የዓለም አየር ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጥ የሚታወቀው፣ እንዲህ ሳይቋረጥ ሲለካ ነው።

ጠርሙሱ ውስጡ ያለው አየር ቀድሞ ተመጥጦ የወጣለት ነው። ፊትህን ለነፋሱ ሰጥተህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ መክፈቻውን ታዞራለህ፤ አየሩ «ፊሽ» ብሎ ይገባል፤ እስከ ሠላሳ ቆጥረህ ትዘጋለህ። የሰው ትንፋሽ ከገባበት ልኬቱ ይበላሻል። አንዴ ከተከፈተ መድገም የለም።

ያን ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ይዤ ተሻገርሁ፤ አንዱ ታንኳው ውስጥ ተሰበረ። እርጥብ ደንገልና ዓሣ የሚሸተውን አየር በረጅሙ ስቤ ያዝሁና የቀረችኝን ከፈትሁ። ፀሐይ መስታወቷ ላይ ትጫወታለች። ስቆጥር አሥራ አንድ ላይ ስደርስ፣ በሚመጣው እሑድ ሽማግሌ ልልክባቸው ያሰብሁት ሰውዬ በዳርቻው ብቅ አሉ፤ ልጃቸውም እንስራዋን አዝላ ከኋላቸው።

«እንደምን አደርህ?»

አሥራ ሦስት።

«ደኅና ነህ ወይ? ቤተሰብ ደኅና?»

አሥራ ስምንት። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሳያልፉ፣ ያቺን ደቂቃ መርጠው!

«ምነው፣ ደመወዝ ሲበሉ አንደበት ይዘጋል?»

ሃያ አምስት። እንደ ግንድ ተገትሬአለሁ።

ሠላሳ ስል ዘግቼ ሮጥሁ። «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው!»

«እንዴ! እሸታለሁ?»

«ኧረ አይደለም! የሰው ትንፋሽ አየሩን ስለሚያበላሽ ነው።»

«የእኔ ትንፋሽ?» አሉና በዱላቸው ከሐይቁ እስከ ሰማዩ አሳዩኝ። «ይሄን ሁሉ አየር?»

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «ለባዶ ጠርሙስ ሲል ሰላምታ ለሚነፍግ ልጄን አልሰጥም» ብለዋቸው ነበር። ልጅቱ አንበሳሜ ከተማ ለሌላ ሰው ተዳረች።

ከመሄዷ በፊት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ አገኘኋት። ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ባሕር ማዶው መሣሪያ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «አፍህስ ተይዞ ነበር፤ ለሰላምታ ራስህን ዝቅ ማድረግም አየሩን ያበላሸዋል?» አለችኝ።

አያበላሸውም ነበር። እንዲያ የተገተርሁት እሷ እያየችኝ ስለነበር ነው።

የሆነው ሆኖ ሥራዬ ይቆጠርልኝ። በእኔ ጊዜ አንድም ሳምንት አልጎደለም። የእንግሊዝኛውን ቅጽ መሙላት በራሴ ተማርሁ። በኋላ የመጣውን የአየር መሙያ ፓምፕ ያለ አስተማሪ ፈትቼ ገጥሜአለሁ። የዚያች ዕለት ጠርሙስም ንጹሕ ናት ተብሎ ተጽፎልኛል። አራት ወጣቶች አሠልጥኜ ተክቻለሁ፤ መክፈቻውን ከማስነካቴ በፊት ሁሉንም መጀመሪያ ያስተማርኋቸው፣ ትንፋሽን ይዞ ጎንበስ ማለትን ነው።