የተለየው ዋንጫ

ዝንጅብል ሲወቀጥ በሸተተኝ ቁጥር ጋምቤላ ትመጣብኛለች፤ ሙቀቷ፣ የባሮ ጭቃና የመርከቡ ጡሩምባ ተከታትለው ይመጣሉ።

እኛ መቱ ውስጥ በቡና የምንኖር፣ ቡና ግን የማንቀምስ ሰዎች ነበርን። አባቴ ከገበሬ እየገዛ በበቅሎ ጭኖ ወደ ጋምቤላ ያወርድ ነበር፤ እናቴም ክረምቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠጠሩንና ጥቁሩን ፍሬ ስትለቅም ትውል ነበር። አያቶቻችን ከሸዋ ይዘውት በመጡት ልማድ ግን ቡና የእስላም መጠጥ ነው፣ ክርስቲያን አይነካውም ይባል ስለነበር፣ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ፍሬውን በቅቤ ቆልተው ሲያቀርቡልን እናቴ «ገለቶማ» ብላ አመስግና፣ ሳትቀምሰው ትመለስ ነበር።

አንድ ክረምት አባቴን ውሰደኝ እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ።

«ሴት ልጅ ቆላ ወርዳ ምን ትሠራለች?» አለ።

እናቴ ከምትለቅመው ሳትቀና፣ «ታያለቻ! እኔ ያላየሁትን» አለችው።

መስቀል ዋለና ተነሣን። ጎሬን አልፈን ቡሬ ስንደርስ ደጋው እዚያው አለቀ፤ ከአፋፉ ቁልቁል ስንወርድ ነጠላዬ እንኳ ከብዶኝ በቅሎው ላይ ጣልኩት። ጋምቤላ ስንገባ በወንዙ ዳር የእንግሊዝ ባንዲራ ተሰቅሏል። አባቴ በአለንጋው እያሳየኝ፣ «ከዚህ ወዲያ ለእንግሊዞች ለንግድ የተሰጠ፣ የሰው አገር ነው፤ አደብ ግዢ» አለኝ። ወንዙ ከኛ ተራራ የወረደ፣ ጭነቱ ከኛ ጓሮ የተለቀመ፣ መሬቱ እንዴት የሰው ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። ንዴቱ ግን ዓይኔን አልጨፈነውም፤ በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ ዞሬ ዞሬ አየሁ፣ ተምር እስኪያቅረኝ በላሁ፣ በቆርቆሮ የታሸገውን ዓሣ አሽትቼ መለስኩ።

አባቴ ቡናውን የሚያስረክበው ዑስማን ለሚባል የሱዳን ነጋዴ ነበር። ቤቱ ስንገባ ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ፣ ዝንጅብል የሚሸት ቡና በትንንሽ ሲኒ አቀረበችልን። አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ። በየዓመቱ እንደዚያው ነበርና ዑስማን ሳቀ።

«አቶ ተሰማ፣ በቅሎህ ቡና ይሸከማል፣ አይጠጣም። አንተም ትሸከማለህ፣ አትጠጣም!»

ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ፤ የአባቴ ፊት ጠቆረ። እኔ ሲኒውን አነሣሁ።

«ተይ አንቺ!»

ጨልጬው ነበር። አቃጠለኝ፣ መረረኝ፣ ቆይቶም ስኳሩ ምላሴ ላይ ቀረ። የኛ ጓሮ እንዲህ ያለ ነገር ደብቆብን ኖሯል?

የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ወሬውን አብረውን ወርደው ከነበሩት የበቅሎ ጫኞች የሰሙት የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ጻድቅ መጡ።

«ልጄ፣ ተሳስቻለሁ በይና ጠበል ልርጭሽ» አሉኝ።

«የኛን ቡና ነው የጠጣሁት አባ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮስ በምን ተገዛ? በቡና አይደለም?»

«አፍሽን ዝጊ!» አለ አባቴ።

አባ በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው፣ እስክትጸጸት ዋንጫዋ ይለይ፣ ከናንተ ገበታ አትቅረብ፣ ለገናም ቤተ ክርስቲያን አትግባ ብለው ወጡ። ትንሿ የቀንድ ዋንጫዬ ከሌሎቹ ተለይታ በር ሥር ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ለብቻዬ እበላ ጀመር። እናቴ ምግቤን ስታስቀምጥልኝ ፊቴን ማየት እየከበዳት፣ «አንዲት ቃል ናት፤ በያትና ይለፍልሽ» ትለኝ ነበር። ሌሊት አልቅሼ አውቃለሁ፤ ቃሏን ግን አላልኩም።

ገና ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ገበያ ሳለ፣ እናቴ ከምትለቅመው ቡና እፍኝ ዘግና፣ «እስቲ እንዴት ነው የሚፈላው?» አለችኝ።

አላውቅም! ያየሁት ሲኒ ውስጥ ገብቶ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና የለቀመች ሴትና በቡና የተወገዘች ልጇ ጥሬውን ፍሬ በማሰሮ ቀቀልነው፤ ውሃው ሣር ሣር ሸተተ። የጎረቤቶቻችን መቁላት ትዝ ሲለን ደግሞ ከሰል እስኪሆን ቆልተን፣ ወቅጠን አፈላነው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች፤ የኔን ዋንጫ አንሥታ ቀዳችበትና መጠጣት ጀመረች። አባቴ የገባው ያን ጊዜ ነበር።

«በዚያ ዋንጫ?»

«በዚህ። እንግዲህ ሁለታችንን ለዩን።»

አባቴ አለንጋውን አስቀምጦ፣ «እኔስ ብቻዬን ልበላ ነው?» አለና አጠገባችን ተቀምጦ እጁን ዘረጋ። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼን ነው እንዴ ስሸጥ የኖርኩት?»

አሁን መቱ ውስጥ ቡና የማይጠጣ የክርስቲያን ቤት ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። አባ ገብረ ጻድቅም አርጅተው፣ ቤታችን ሲመጡ ቡናው ከዘገየ የሚቆጡ ሆነዋል፤ ከጥንት የአባቶቻችን መጠጥ ነው ይላሉ። አልከራከራቸውም። ለሌላው እንግዳ በሲኒ እቀዳለሁ፤ ለሳቸው ግን በዚያች በቀንድ ዋንጫ ነው። ያውቋት እንደሆን ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ጨልጠው ይመልሱልኛል።