ለማርታ የሰጠኋት ቅርንጫፍ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ልጅነት ነው ብዬ አላሳብብም። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዋጥኩት! ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

አባቴ ለወፍ በሽታ የሚሰጠው ቅጠል ነበረው። ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሰዎች ከጀሞም ከለቡም መካኒሳ አቦ እኛ ቤት ድረስ እየመጡ ይጠጡ ነበር። ሊሞት ሲል ጓሮ የሚበቅለውን ቅጠሉን አሳየኝና "ስሙ ከአፍሽ የወጣ ቀን መድኃኒቱ ይረክሳል" አለኝ። የባህል መድኃኒት አዋቂዎች እንዲህ ነው የሚያምኑት፤ እኔም አመንኩ።

የወንድሜ ልጅ ማርታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በመድኃኒት ተክሎች ላይ የማስተርስ ጥናቷን ስትጀምር መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው። "እትዬ፣ የአባባን ቅጠል ስጪኝ፤ ውስጡ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ልየው" አለችኝ። ሁለት ነገር ፈለገች፤ ለምርመራው ደርቆ የተፈጨ ቅጠል፣ ባለሙያዎች አይተው ስሙን እንዲለዩላት ደግሞ አበባ ያለው እርጥብ ቅርንጫፍ።

ዱቄቱን እውነተኛውን ሰጠኋት። "እትዬ፣ ሽሮ እንዳይሆን ብቻ!" ብላ ሳቀችብኝ። ቅርንጫፉን ግን አጥራችን ላይ ከሚበቅል ሌላ ተክል ቆረጥኩላት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በጋዜጣ ጠቅልዬ በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አባቴንም አልከዳሁ፣ ልጅቷንም ባዶ እጇን አልሸኘሁ ብዬ ደስ አለኝ እኮ! ይሄ ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

ከወራት በኋላ እየሮጠች መጣች። ለምርመራ የምትጠቀምበት ሐምራዊ ፈሳሽ አለ፤ ቅጠሉ ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከል ጉልበት ካለው ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይገረጣል። ፎቶውን በስልኳ አሳየችኝ፤ ገርጥቷል። "አባባ አንደኛ!" ብላ አቀፈችኝ። ያኔም አልተናገርኩም።

ውጤቱ መምህሯን ስላስገረመው ድገሚው አላት። ዱቄቱ አልቆ ነበርና በቅርንጫፉ ስሙ የተለየውን ተክል ራሷ ሰብስባ ፈተነችው። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በመጨረሻ መምህሯ የመጀመሪያውን ውጤት ከራስሽ ፈጥረሽ ነው አላት። ውጤት የፈጠረ ተማሪ ደግሞ ይባረራል።

ከንፈሯ ደርቆ መጣች። "እትዬ፣ ዱቄቱና ቅርንጫፉ ከአንድ ተክል ናቸው አይደል?"

"ከአንድ ናቸው" አልኳት።

እኔ አልኩ። የልጅ እንጀራ ሊቆረጥ አንድ እውነት ሲጠበቅብኝ፣ ከአንድ ናቸው አልኩ። ለአባቴ ቃል ብዬ ነው? አይደለም። ያን ሰዓት የፈራሁት ዓይኔ እያየ ውሸታም መባልን ነው። ሟቹን ሰበብ አላደርገውም።

ማርታ ግቢውን አየች። አጥሩን፣ ጓሮ ያለውን ቁጥቋጦ፣ ከዚያ እኔን። "እሺ እትዬ" አለችና ጉንጬን ስማኝ ወጣች።

ማርታዬ፣ ይህን ካነበብሽው ይቅር በይኝ። ባትዪኝም አልቀየምሽም።

በማግስቱ መምህሯ ዘንድ ሄዳ፣ "ናሙናዎቹን በግድየለሽነት ያደባለቅሁት እኔ ማርታ ነኝ" ብላ ጽፋ ፈረመች። አልተባረረችም። ዓመቱን ግን በሌላ ተክል፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው።