«ይኼ ፊት የሷ አይደለም!»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ ሐኪም ዘንድ ደርሼ ከተመለስሁ በኋላ ዳማከሴ ስጨምቅ፣ ሽታው መልሶ ወሰደኝና ልጽፈው ተነሣሁ።

ልጅ ሆኜ ቀጭን ነበርሁ። የሰፈር ስሜ «ደንገል» ነው፤ ጣና ዳር የሚበቅለው፣ ታንኳ የሚሠራበት ሸንቃጣ ተክል። ስሙን ያወጡልኝ ጎረቤታችን እማሆይ ናቸው። ኋላ ኩላሊቴን ታመምሁና ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። ወር በወር ላይ ሲደራረብ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ከተማው በሙሉ ደስ አለው። «አማረብሽ!» «ተስማምቶሻል!» መመለሱ ሰለቸኝ። እማሆይ ብቻ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣

«አንቺ፣ ደንገሌን የት አደረስሻት?» ይሉኛል።

«ዋጥኋት እማሆይ!»

እንስቃለን።

ሐኪሙ ኪኒኑን በራሴ እንዳላቋርጥ፣ ጉንፋንም ቢሆን ከጠናብኝ ቶሎ እንድመጣ ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ስዞር ዝናቡ ያዘኝና በስብሼ ገባሁ። በማግሥቱ አፍንጫዬ ተዘጋ። እማሆይ ዳማከሴያቸውን ይዘው ከች አሉ።

«የሐኪሙንም ዋጪ፣ የኔንም አሽትቺ። አይጣሉም።»

ግን ባሰብኝ። ጠዋት የዋጥሁት ኪኒን ከነቁርሱ ወጣ። ደግሜ ዋጥሁ፤ እሱም ወጣ። ስቆም ዓይኔ ይጨልማል። እናቴ ፋብሪካ ተረኛ ነበረች። እማሆይ ባጃጅ አስቁመው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ሰልፉ እስከ በሩ ነው። «እባካችሁ ልጅቱን አሳልፉልኝ» ቢሉ ማን ይስማ። ከፊታችን የቆመች ሴትዮ ጉንጬን አየችና፣

«ይቺማ ከሁላችን ትሻላለች እማሆይ! ፊቷ እንዲህ ሙልት ብሎ!» አለች።

ሰው ሳቀ። እኔ ለመሳደብ እንኳ አቅም አጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ወደ ታች ተንሸራተትሁ። መሞቴ ነው ብዬ ያሰብሁት ያኔ ነው፤ አምሮብኝ ልሞት።

እማሆይ መቋሚያቸውን ሲሚንቶው ላይ ደበደቡት።

«ይኼ ፊት የሷ አይደለም! የመድኃኒት ፊት ነው! ይቺ ደንገል ነበረች!»

ሳቁ ባሰ። አንዲት ነርስ ግን ከውስጥ ብቅ አለች።

«ምን መድኃኒት ነው የምትወስደው?»

እማሆይ ስሙን አያውቁት። እኔ በቀጭን ድምፅ ነገርኋት።

«ዛሬስ ወስደሻል?»

«አስመለሰኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አስገቡኝ፣ መርፌ ተወጋሁ፣ ግሉኮስ ተሰካልኝ። ኪኒኑን የለመደ ሰውነት በድንገት ካጣው አቅሙ እንደሚከዳው፣ ሕመም ሲጨመርበት ደግሞ እንደሚገድል ነርሷ በኋላ አስረዳችኝ። ያቺ ሴትዮ ገብታ ነጠላዋን ደረበችልኝ።

አሁን መጠኑ እየተቀነሰልኝ ነው። ጉንጬም እየጎደለ። ከተማው ዘንድሮ ደግሞ «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» ይለኛል። አልሰማውም።

እማሆይ ግን ከጥምቀት በኋላ ሐይቁ ላይ ካለ የሴቶች ገዳም ገቡ። ጠዋት ጠዋት አጥሩን አያለሁ፤ ብቅ የሚል የለም። ዳማከሴያቸው ብቻ በአጥሩ ሥር ሾልኮ እኛ ግቢ በቅሏል። የምጨምቀው እሱን ነው።

ጉንፋኑ ይልቀቀኝ እንጂ በጀልባ እሻገራለሁ። ምንም አልናገርም፤ ሄጄ ፊታቸው እቆማለሁ። ደንገሌን የት አደረስሻት ካላሉኝ፣ ድኛለሁ ማለት ነው።