አባቴ የነኳት የአፍንጫ መድኃኒት

ሳጉሬ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን እህል እቀበላለሁ። ስንዴው ከመኪና ሲወርድ ከየጆንያው በእፍኝ እዘግናለሁ፣ አያለሁ፣ እነክሳለሁ፣ አሸታለሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ማሽተቱ ነው። እርጥበት የነካው እህል ለዓይን ደህና ሊመስል ይችላል፣ ሽታው ግን አይደብቅም። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ አሰላ ከእኔ ጋር ይኖራሉ።

አፍንጫዬ ያስቸግረኝ ከጀመረ ቆይቷል። በየዓመቱ ኮምባይነሮቹ ማሳ ሲገቡና አዋራው ሲነሳ ማስነጠስ እጀምራለሁ። ጠዋት ከአሰላ በሚኒባስ ስሳፈር አሥር ጊዜ ያህል አከታትዬ ሳስነጥስ አጠገቤ ያለው ሰው መስኮት ይከፍታል። ሁሉም «ሳይነስ ነው» ይለኛል፣ እኔም ሳይነስ ነው እያልኩ ሶፍት በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ። አንድ ዓመት ግን አፍንጫዬ ጭራሽ ታፈነ። ሽታ የሚባል ነገር ጠፋኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ጠራችኝ። ትናንት የተቀበልኩትን ጆንያ ከፍታ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ስንዴ አወጣች።

«ይሄ አይሸትሽም?» አለችኝ።

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ግን የሻገተ መሆኑ ገባኝ። «ይሸተኛል» ብዬ ዋሸሁ። ጭነቱን በሙሉ ለይተን እስክንጨርስ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ አሰላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሐኪም ነው። አፍንጫዬን በመብራት አይቶ የአዋራና የእብቅ አለርጂ እንደሆነ ነገረኝ፣ ወደ አፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት አዘዘልኝ። በየቀኑ ጠዋት በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ጊዜ። «ስቴሮይድ» የሚለው ቃል ግን አስፈራኝ። አንዲት ጎረቤታችን ለሌላ በሽታ ኪኒኑን ለረጅም ጊዜ ወስዳ ፊቷ አብጦ አይቻለሁ። ስለዚህ በራሴ ፈቃድ መድኃኒቱን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት። ሲብስብኝ ብቻ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ አራት አምስት ጊዜ እረጫለሁ። መራራው ወደ ጉሮሮዬ ይወርዳል እንጂ አፍንጫዬ አይከፈትም። በሦስተኛው ሳምንት ደም መጣ።

ጠርሙሷን ይዤ ወደገዛሁበት ፋርማሲ ተመለስኩ። ፋርማሲስቷ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። አልሠራልኝም፣ ደግሞም አደማኝ አልኳት።

«እስኪ ክዳኑን ሳትከፍቺ እንዴት እንደምትጠቀሚው አሳዪኝ» አለች።

አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ አሳየኋት። አልሳቀችም።

«አየሽ፣ ይሄ ጉሮሮሽ ውስጥ ነው የሚገባው» አለችኝ። «መጀመሪያ በቀስታ ተናፈጪ። ጠርሙሱን ነቅንቂው። ጭንቅላትሽን ትንሽ ወደ ፊት ዝቅ አድርጊ። ለግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ ያዢው፣ ለቀኙ በግራ። ጫፉ መሃል ያለውን ግድግዳ እንዳያይ፣ ወደ ጆሮሽ በኩል ይመልከት። ደሙን ያመጣው መሃሉን መምታትሽ ይመስለኛል። ስትረጪ በዝግታ ሳቢ፣ በኃይል ሽቅብ አትሳቢው።»

«ፊቴስ አያብጥም?»

«ያ ኪኒን ሲዋጥ፣ ያውም ሲበዛና ሲረዝም ነው። ይሄ በታዘዘልሽ ልክ ከሆነ ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ነው። ግን ሲብስብሽ ብቻ ብትረጪው አይሠራልሽም። በየቀኑ ነው፣ ውጤቱም ቀናት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት። አልሠራም ብለሽ መጠኑን እንዳትጨምሪ።» ከዚያ ደሙ እስኪቆም ጥቂት ቀን እንዳሳርፈው፣ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ሐኪሙ ዘንድ እንድሄድ ነገረችኝ። ልወጣ ስል፣ «የዓይን ግፊት የለብሽም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። የለብኝም አልኳት።

እንደነገረችኝ አደረግሁ። አንድ ጠዋት አፌን ዘግቼ ተኝቼ እንዳደርኩ ገባኝ። ከዚያ አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ የአጠገቤ ሴት የልብስ ሳሙና ሸተተኝ። ደስ ብሎኝ እስከ ሳጉሬ ድረስ ወደ እሷ ዘንበል ብዬ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ስጀምር ግን ላዩ ላይ ከተጻፈው የመርጫ ቁጥር ቀድሞ እያለቀ መሰለኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ተውኩት። አንድ ምሽት ራት እየበላን አባቴ፣ «ያቺ መድኃኒትሽ ጥሩ ናት፣ አፍንጫዬ ተከፈተ» አሉኝ።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት አባ?»

«አንድ ወር ይሆናል። ሥራ ስትሄጂ።»

አባቴ የዓይን ግፊት አለባቸው። ጠዋትና ማታ ጠብታ የማደርግላቸው እኔው ነኝ። የፋርማሲስቷ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም። የሰው መድኃኒት እንደማይወሰድ፣ ለዓይናቸው አደገኛ ሊሆን እንደሚችል፣ አንድ አፍንጫ የነካው ነገር ሌላ አፍንጫ ውስጥ እንደማይገባ አከታትዬ ተናገርኩ። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ተነሡ።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ግፊቱ ሲለካ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሐኪሟ ጠርታ አስገባችኝና ግፊቱ ካለፈው እንዳልጨመረ ነገረችን። «ብዙ ጊዜ ችግር ላያመጣ ይችላል» አለቻቸው፣ «ግን እርስዎ ላይ ሳንለካ ማወቅ አንችልም። ሳይነግሩን አይውሰዱ።» ለጊዜው እንዲያቆሙና አፍንጫቸውንም እንዲታዩ ላከቻቸው።

ስንመለስ በእግር ወረድን። መንገዱ ላይ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ንግዱን የተውኩት ለዓይኔ ብዬ አልነበረም። ማሽተት አቅቶኝ ነው። ሦስት ጊዜ የተበላሸ ገብስ ገዛሁ። ዓይኔ ነው ብል ሰው ያዝንልኛል። አፍንጫዬ ነው ብል ግን ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።»

እኔም ከኃላፊዬ ፊት ምን እንዳልኩ ነገርኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ክንዴን ያዙና ወረድን።

አሁን አባቴ የራሳቸው ጠርሙስ አላቸው። ሐኪሞቹ ተነጋግረው ያዘዙላቸው ነው፣ መጠኑ ከእኔ ያነሰ፣ ዓይናቸውም በየጊዜው ይለካል። እኔም አዋራው ሲቀንስ ሐኪሙን ጠይቄ እቀንሳለሁ። ረመዳን ሲመጣ ሁለታችንም ሐኪሙን አስፈቅደን ሰዓቱን ወደ ምሽት፣ ከፊጥር በኋላ አዛወርነው።

እስካሁን የሚከብደኝ ግን መድኃኒቱ አይደለም። ስንት ዓመት በአንድ ማዕድ ስንበላ እሳቸው ምግቡ እንደማይሸታቸው አላወቅሁም። ጠብታቸውን በየቀኑ እያደረግሁ ሌላው ሁሉ ደህና ነው ብዬ አምኜ ነበር። አሁን ከሥራ ስመለስ «ዛሬስ ምን አስቸገረዎት?» ማለት ለምጃለሁ። መጀመሪያ «ምንም» ይሉኛል። ሻይ ቀድቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ እስኪናገሩም እጠብቃለሁ።